«ከቼከርነት የምወጣው መቼ ነው?»

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በጋርመንት ደረጃ 4 ጨርሼ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ ሸሚዝ ፋብሪካ ከገባሁ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖኛል። እስካሁን የላይን መጨረሻ ቼከር ነኝ፤ በስፌት መስመሩ (ላይኑ) ጫፍ ላይ ተሰፍቶ ያለቀውን ሸሚዝ እመረምራለሁ። ከእኔ በኋላ የገቡ ሁለት ልጆች ሱፐርቫይዘር ሆነዋል። ማናጀሩን ስጠይቀው «ገና ነሽ፣ ራስሽን አዘጋጂ» አለኝ፤ በምን እንደምዘጋጅ ግን አልነገረኝም። ማታ ማታ ስለ ሥራዬ ማስታወሻ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ መልሼ ሳነበው ብሶት ብቻ ሆኖብኝ ተውኩት። አሁን በኤክስቴንሽን ዲግሪ ልጀምር ወይስ ፋብሪካ ልቀይር እያልኩ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ት. ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ውድ እህታችን ት.፣

ዲግሪውንም ፋብሪካ መቀየሩንም ለሦስት ወር አቆዪው። ሁለቱም መጥፎ ሆነው አይደለም። አሁን ብትወጪ ይዘሽ የምትሄጂው «ሦስት ዓመት ተኩል ቼከር ሆኜ ሠርቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ቀጣዩ ፋብሪካም ያችን መስመር አንብቦ መልሶ ቼከር ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያቆምሽ። ዲግሪው ደግሞ ዓመታት ይወስዳል፤ አሁን የጎደለሽ ነገር ግን እዚያው ላይኑ ላይ የሚገኝ ነው።

ቼከር የሚጠየቀው «ይህ ሸሚዝ ያልፋል ወይስ አያልፍም?» ተብሎ ነው። ሱፐርቫይዘር የሚጠየቀው «ለምን አላለፈም? ነገ እንዳይደገም ዛሬ ምን አደረግሽ?» ተብሎ ነው። ከመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው የአገልግሎት ዘመን አይደለም። ምክንያቱን አስቀድሞ መገመት፣ አንድ ነገር መሞከር፣ የሆነውን ከተገመተው ጋር ማስተያየት፣ ከዚያ ግምትን ማረም ነው የሚያሻግረው። ያንቺ ጠረጴዛ ደግሞ ለዚህ ከፋብሪካው ሁሉ የተሻለው ቦታ ነው፤ የመላው ላይን ስህተት ተጠራቅሞ የሚደርሰው አንቺ እጅ ላይ ነውና።

ማስታወሻሽ ብሶት የሆነበት ምክንያት አለው። የምትጽፊው ማታ ደክሞሽ ነው፣ የምትመልሽለት ጥያቄ የለም፣ ጠዋት ምን ጠብቀሽ እንደነበር የተጻፈ ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን ከቀኑ ውስጥ የሚታወሰው ያስከፋን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መጻፍሽን አትተዪ፣ ሰዓቱንና ጥያቄውን ቀይሪ።

ኪስ የምትገባ ደብተር ያዢ። ጠዋት ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ሦስት ደቂቃ ወስደሽ አንድ ግምት ጻፊ፦ ዛሬ ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከየትኛው ኦፕሬሽን (የስፌት ደረጃ) ነው? ለምን? ለምሳሌ «ኮሌታ መግጠም፤ ትናንት ከሰዓት አዲስ ስታይል ስለገባና ሁለት ኦፕሬተሮች ስለቀሩ» ሊሆን ይችላል። ከሥራ ስትወጪ ሰባት ደቂቃ ወስደሽ አራት ነገር ጻፊ፦ ምን ጠብቄ ነበር፣ ምን ሆነ፣ ለምን ተለያየ (ወይም ለምን ገጠመ)፣ ነገ ምን አደርጋለሁ። ከአሥር ደቂቃ አታስበልጪው። ሦስት ገጽ የሚጻፍ ማስታወሻ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ይቆማል።

«ምን ሆነ» የሚለው በቁጥር ይጻፍ። ዲኤችዩውን (በመቶ ልብስ የሚገኘውን ጥፋት ብዛት) ራስሽ አስዪ፦ የተገኘውን ጥፋት በ100 አባዢና ባየሽው ልብስ ብዛት አካፍዪ። 400 ሸሚዝ አይተሽ 34 ጥፋት ካገኘሽ 8.5 ነው። አንድ ሸሚዝ ላይ ሁለት ጥፋት ካለ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። የተመለሱትን ሸሚዞች ለብቻ ቁጠሪ፤ 29 ከሆኑ 7.25 በመቶ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች የሚያምታቱ ብዙ ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ለይተሽ ብትናገሪ ወዲያው ይታወቅልሻል።

አሁን ዋናው ነገር «ለምን» የሚለው ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ልብሱ ላይ የት እንደወደቀ እዪ። ስፌት መዝለልን እንውሰድ። ዝላዩ በእያንዳንዱ ሸሚዝ ላይ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የጎን ስፌትና የታችኛው ጠርዝ በሚገናኙበት ወፍራም ቦታ፣ ጨርቁ ሲደራረብ መርፌውን እየገፋው ሊሆን ይችላል፤ የመርፌው ቁጥር ለዚያ ውፍረት ይበቃ እንደሆነ ይጠየቃል። ዝላዩ እዚህም እዚያም የተበተነ ከሆነ መርፌው ደንዝዟል ወይም ጎብጧል፣ ካልሆነም ሲገባ ተጣሟል ወይም ክሩ በትክክል አልተሰካም። መርፌው ተቀይሮም ካልቆመ የመካኒክ ሥራ ነው፤ መርፌውና ከታች ክሩን የሚይዘው መንጠቆ የሚገናኙበት ጊዜ ተዛብቷል ማለት ነው። ስፌቱ ከተጨማደደ መጀመሪያ የላይኛው ክርና የቦቢኑ ውጥረት ይታያል፣ ቀጥሎ ኦፕሬተሯ ጨርቁን እየሳበች እንደሆነ። የእጅጌውና የደረቱ ቀለም ካልገጠመ ግን የሰፋችውን ልጅ አትጠይቂ፤ ጥፋቱ ያለው ቁጥር በሚለጠፍበትና ባንድል (የተቆረጡ ክፍሎች እሽግ) በሚታሰርበት ቦታ ነው፣ ከተለያየ ጥቅል ጨርቅ የተቆረጡ ክፍሎች ተቀላቅለዋል።

በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራሽ በአራት ሳምንት 24 ያህል ግምት ይኖርሻል። አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ፣ እሑድ ቀን ተረጋግተሽ፣ ሁሉንም አንብቢ። ስንቱ እንደገጠመ ቁጠሪ፤ ከዚያ ይበልጥ የሚጠቅምሽ ግን ያልገጠሙት ወዴት እንደሚያደሉ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ኦፕሬተሯ አልተጠነቀቀችም» የሚል ግምት ደጋግሞ መጻፉና እውነተኛው ምክንያት መርፌ፣ የስታይል ለውጥ ወይም በቀረ ሰው ቦታ ማሽኑን የማታውቅ ልጅ መቀመጧ መሆኑ ነው። ያንቺም ከዚህ የተለየ ላይሆን ይችላል። ማን ከየት ኦፕሬሽን ወደ የት ተዛውራ እንደዋለች ጠዋት መዝግቢ፤ ሠራተኛ በብዛት በሚቀርበት ቀን ይህች አንዲት መስመር ከሌላው ሁሉ በላይ ትነግርሻለች።

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በየፋብሪካው «ለምን?» ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅ ሲሰለጠን ኖሯል፤ አንቺም ሳትሰሚው አትቀሪም። ችግሩ ብዙ ሰው ሁለተኛው «ለምን» ላይ የሰው ጠባይ ያገኝና ያቆማል። መልስሽ «ቸልተኛ ስለሆነች» ከሆነ ገና አልጨረስሽም። ቸልተኛ ያልሽው ነገር አዲስ ስታይል ሲገባ ናሙናው ሳይታያት መጀመሯ ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው ያልታያት አንድ ናሙና ብቻ ስለተሰጠና እሱም ማናጀሩ ቢሮ ስለተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መፍትሔ አለው፣ ለጠባይ ግን የለውም።

ሁለተኛው ወር የሙከራ ነው። በሳምንት አንድ ለውጥ ብቻ፣ ሱፐርቫይዘርሽ አውቃና ፈቅዳ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርሽ የሠራው የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ከጥራት ሥራሽ ወጣ ብለሽ ስለ ምርት ፍጥነትም መማር ያለብሽ አሁን ነው፣ ምክንያቱም ሱፐርቫይዘር በየሰዓቱ የምትጠየቀው ስለ ታርጌት ነው።

ላይንሽ በ480 ደቂቃ 600 ሸሚዝ ታርጌት ቢሰጠው በየ48 ሰከንዱ አንድ ሸሚዝ መውጣት አለበት። በዕረፍት ሰዓት የእያንዳንዱን ኦፕሬሽን ጊዜ መለካት ጀምሪ ማለታችን አይደለም፤ ልብስ በብዛት ተከምሮ የሚቆምበትን አንድ ቦታ ምረጪ። ስልክ ወደ ውስጥ የማይፈቀድ ከሆነ ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ይበቃል። ለኦፕሬተሯ ነግረሻት አሥር ልብስ ለኪ፣ አማካዩን ያዢ። ሳትነግሪያት ብትለኪ ትፈጥናለች ወይም ትቀየማለች፤ ቁጥሩም አይረባም፣ እምነቷንም ታጪያለሽ። ኮሌታ መግጠም 65 ሰከንድ ከወሰደ ያለ ዕረፍት ብትሠራ እንኳ በቀን ከ443 አታልፍም። ስለዚህ «ፍጠኚ» ብሎ ላይዋ ላይ መጮህ 600 አያመጣም። ከ65ቱ ሰከንድ ውስጥ 12ቱ መሃሉን ፈልጎ ምልክት ማድረግ ከሆነ ያንን ለሄልፐር መስጠት ይቻላል፤ 53 ሰከንድ ሲሆን 543 ይደርሳል። የቀረውን ለመሙላት ሌላ ኦፕሬተር ለተወሰነ ሰዓት ማገዝ አለባት። ይህን ስሌት ለሱፐርቫይዘርሽ በወረቀት አሳያት፣ ከተስማማች አንድ ቀን ይሞከር፣ ውጤቱ ይጻፍ። ባይሠራም ይጻፍ፤ ያልሠራ ሙከራ ላይ «ለምን ተለያየ» የሚለው ክፍል ከሁሉ በላይ ያስተምራል።

የላይኑን ኢፊሸንሲም (ከተሠራበት ጊዜ ስንት በመቶው ወደ ምርት እንደተለወጠ) ማስላት ልመጂ። የወጣውን ልብስ በስታይሉ ሳም (አንድ ልብስ ለመስፋት የተመደበ መደበኛ ጊዜ) ደቂቃ አባዢ፣ በኦፕሬተሮች ብዛትና በሠሩት ደቂቃ ብዜት አካፍዪ፣ ከዚያ በ100 አባዢ። 540 ሸሚዝ፣ ሳሙ 12 ደቂቃ፣ 30 ሰው፣ 480 ደቂቃ ቢሆን 45 በመቶ ነው። ሳሙን ከኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ክፍል ጠይቂ፤ ቼከር ይህን ስትጠይቅ ስለማይለመድ ስምሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይያዛል።

ስለ ሰው አያያዝ ረዘም አድርገን እንነግርሻለን፣ ለሱፐርቫይዘርነት ሲመረጥ ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። አንቺ በቀን ብዙ ጊዜ ልብስ ትመልሻለሽ። እያንዳንዱ መመለስ ሰውን የማስተዳደር ልምምድ ነው። ልብሱን ወርውረሽ «ይኸው፣ አበላሽተሽዋል» ካልሽ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትፈታዋለች እንጂ ለምን እንደተበላሸ አታስብም፤ ቀጣዩም ተበላሽቶ ይመጣል። ጠርዙን ይዘሽ ቦታውን በጣትሽ አሳያት፣ ምን መሆን እንደነበረበት ንገሪያት፣ «መርፌው መቼ ነው የተቀየረው?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ ከየወረዳው የመጡና አማርኛው ያልበሰለላቸው ናቸው። ሲዳምኛ የማትችይ ከሆነ በሥራው ላይ የሚያስፈልጉትን ሃያ ያህል አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ከጓደኞችሽ ተማሪ፦ «እዚህ ጋ እዪ»፣ «ክሩን ፍቺው»፣ «መካኒክ ጥሪ»፣ «ጥሩ ሆኗል»። ሱፐርቫይዘር ጮክ ማለት አለባት የሚል አስተሳሰብ ፓርኩ ውስጥ ሰፊ ነው። እኛ አንስማማበትም። የተጮኸባት ኦፕሬተር ጥፋትን ትደብቃለች፣ የተደበቀ ጥፋት ደግሞ የሚገኘው ታሽጎ ካለቀ በኋላ፣ የገዢው ተቆጣጣሪ ናሙና ሲያወጣ ነው። በኤኪውኤል (ገዢው የሚቀበለው የጥፋት ልክ) 2.5 በተለመደው የምርመራ ደረጃ ከ1201 እስከ 3200 ልብስ ካለው ጭነት 125 ይወጣል፤ 7 ልብስ ድረስ ቢበላሽ ያልፋል፣ 8 ሲሆን ጭነቱ ሁሉ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ካርቶኑ ሁሉ ተከፍቶ እንደገና መታየቱ ነው።

በየሳምንቱ አንድ ሰው ስለ ራስሽ ጠይቂ። «እንዴት ነኝ?» ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ እኛ ዘንድ ይሉኝታ ስላለ «ጎበዝ ነሽ» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ሱፐርቫይዘርሽን «ነገ ላይኑን ብትሰጪኝ መጀመሪያ የምቸገረው ምን ላይ ይመስልሻል?» በያት። ኦፕሬተሮቹን «ልብስ ስመልስልሽ የሚከብድሽ ምኑ ነው?» በያቸው። መካኒኩን «ስጠራህ የማልነግርህ ምን መረጃ አለ?» በይው። የሰማሽውን እዚያው አትከራከሪ፤ ደብተርሽ ላይ ቃል በቃል ጽፈሽ እሑድ ተመልሰሽ እዪው። ከሁለት ሰው የተሰማ አንድ ዓይነት ነገር የሚቀጥለው ሳምንት ሥራሽ ይሁን።

ደብተሩ ላይ ልታስወግጃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የኦፕሬተር ስም አትጻፊ፣ የኦፕሬሽኑን ስም ብቻ ጻፊ። አንድ ቀን ደብተሩ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ወሬ አቀባይ ተብለሽ ትቀሪያለሽ። የገዢውን ድርጅት ስም፣ የስታይል ቁጥርና ፎቶ ከፋብሪካ አታውጪ፣ በዚህ ከሥራ መሰናበት ሊመጣ ይችላል። ሌላው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደ ራስሽ እንዳይዞር ተጠንቀቂ። ክር ዘግይቶ መጥቶ ላይኑ የቆመበት ቀን ያንቺ ጥፋት አይደለም። በየቀኑ ከተጻፈው ፊት «በእኔ እጅ ያለ» ወይም «ከእኔ እጅ የወጣ» የሚል ምልክት አድርጊ፣ የነገውን ሥራ ከመጀመሪያው ብቻ ምረጪ። ማስታወሻሽን ወደ ብሶት የሚመልሰው ይህን አለመለየት ነው።

ሦስተኛው ወር ላይ ሱፐርቫይዘርሽን ወደ ስብሰባ ስትሄድ አንድ ሰዓት ላይኑን እንድትይዢላት ጠይቂ። የሰዓቱን ምርት ቦርድ ላይ መጻፍ፣ የቀረ ሰው ቦታ ማን እንደሚሸፍን መወሰን፣ መካኒክ መጥራት፣ ባንድል እንዳያልቅ ቀድሞ ማየት፤ ይህን ሁሉ በዚያች አንድ ሰዓት ታገኚዋለሽ። ሱፐርቫይዘርሽን ዘለሽ ወደ ማናጀር አትሂጂ፤ በደብተርሽ የተገኘ መሻሻል ካለ ስሟን አብረሽ ጥሪ። እሷ ከፍ ስትል ነው ቦታው የሚለቀቀው፣ ተተኪሽ ማናት ስትባልም የምትጠየቀው እሷው ናት።

ከዚያ ማናጀሩን ቀጠሮ ጠይቂ። ጭነት በሚወጣበት ሳምንት አይሁን። አንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ፦ ከሦስት ወር በፊት የላይኑ ዲኤችዩ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ነው፣ የትኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ለውጦች ተሞከሩ፣ የትኛው አልሠራም፣ ለምን። ቁጥሩ ያልተሻሻለ ከሆነም እንደዚያው አቅርቢው፤ ምክንያቱን መናገር የምትችል ቼከር እሱም ብዙ አያገኝም። የሥራ መደቡን መግለጫ እንዲያሳይሽ ጠይቂውና «ከዚህ ውስጥ የሚቀረኝ የትኛው ነው? እስከ መቼ ባሟላ እንደገና እንነጋገራለን?» በይው። ቀኑን ሳትይዢ አትውጪ። «ገና ነሽ» የሚለው መልስ ሦስት ዓመት የሚቆየው ቀን ስለሌለው ነው።

ምናልባት ሱፐርቫይዘርነት ላይ ክፍት ቦታ አይኖርም ይሆናል። ያኔ የኢንላይን (በስፌቱ መሃል የሚደረግ) ጥራት ቁጥጥርን፣ የአዲስ ሠራተኞች አሠልጣኝነትን ወይም የኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ረዳትነትን ጠይቂ፤ ደብተርሽ ለሦስቱም ማስረጃ ይሆንሻል። ዲግሪ የሚያስፈልግሽም የት ላይ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ጊዜ ነው። ወደ ዕቅድ፣ ወደ ኢንጂነሪንግ ወይም ወደ ሰው ኃይል ቢሮ መግባት ከፈለግሽ ዲግሪ ይጠይቃሉ፤ እንግዲያው ትምህርቱን የምትመርጪው ከምትፈልጊው የሥራ መደብ ተነስተሽ ይሁን። እስከዚያው ኤክሴል ተማሪ።

ፋብሪካ መቀየሩም የማይቀር ሊሆን ይችላል። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ገብተው የወጡ ፋብሪካዎች አሉ፤ አገራችን ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል) ተጠቃሚነት ከታገደች ከ2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ገበያ ላይ የቆሙት ብዙ ተቸግረዋል። ለመልቀቅ ከወሰንሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ፣ ቅጂው ላይ ተቀባዩ ፈርሞበት አንቺ ጋ ይቅር። ሳትናገሪ ብትቀሪ ካሳ ልትጠየቂ ትችያለሽ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ደግሞ አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ መልቀቅ ሳያስፈልግሽ በፈለግሽው ጊዜ መጠየቅም ትችያለሽ። ማስረጃው ላይ የሠራሽው ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽና ደመወዝሽ መኖር አለባቸው። «ቼከር» ብቻ ተብሎ ከተጻፈና ላይን ይዘሽ የሠራሽባቸው ጊዜያት ካሉ ሱፐርቫይዘርሽን አስመስክረሽ እንዲጨመርልሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ይህን የምታደርጊው ገና እዚያው እየሠራሽ እያለሽ ነው፣ ከወጣሽ በኋላ የሚያስታውስልሽ ሰው ማግኘት ይከብዳል።